በሲስተር ድምፅ የተቀመጡ ቀጠሮዎች

ድምፅዋን የቀዳሁት ወልቂጤ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የመድኃኒት መጋዘን ነው። መጋዘኑን የመረጥነው ከሌሎቹ ክፍሎች ጸጥታ አለው ብለን ነበር። እሱም ቢሆን ከጀርባው የባጃጅ መቆሚያ ስላለ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ በበሩ ሥር ጨርቅ ወትፈን ነው ሥራ የጀመርነው። እሷ የግሉኮስ ካርቶን ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወለሉ ላይ። ነርስ ነበረች። ሁሉም ሰው «ሲስተር» ይላት ስለነበር እኔም በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም።

ክሊኒኩ የእናቶችና የሕፃናት ነው። ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሁለት ዓመት ያህል ኮምፒውተር ስጠግን ከቆየሁ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ለዚህ ክሊኒክ የቀጠሮ ዌብ አፕሊኬሽን መሥራት ነበር። ነፍሰ ጡሮች ይመዘገባሉ፣ የምርመራ ቀጠሮ ይያዝላቸዋል፣ ሲወልዱም የልጃቸው የክትባት ቀን ይታወሳቸዋል። ችግሩ ከገጠር የሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ የጽሑፍ መልእክት አያነቡም። ስለዚህ ሲስተሙ ራሱ ስልክ ደውሎ እንዲናገር ተወሰነ። ለመናገር ደግሞ ድምፅ ያስፈልገዋል።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ከአዲስ አበባ ድምፅዋ ያማረ ሰው እናስመጣ ብሎ ነበር። እኔ ግን ሥራቸውን ለማወቅ ሳምንት ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ስለነበር እናቶቹ ማንን እንደሚፈልጉ ዐይቻለሁ። ሲስተር የቡታጅራ ልጅ ናት። ወልቂጤ አካባቢ የሚነገረውን የሰባት ቤቱን ጉራግኛ የተማረችው ወልቂጤ መጥታ በሥራ ላይ ነው። አንዳንዱን ቃል በራሷ አገር አነጋገር ስትለው እናቶቹ ይስቁባታል፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች። ካርድ ክፍል ሲደርሱ ገና ከመቀመጣቸው በፊት የቡታጅራዋ መኖሯን ይጠይቃሉ። ይህንን ለዶክተር ስነግረው ብዙም አልተከራከረኝም።

ቀረጻው የሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። ከአንድ እስከ ሠላሳ ቁጥር፣ የሳምንቱን ቀናት፣ ወራቱን፣ ሰዓቱን አነበበች። ቀጥላ ከካርድ ክፍል ያወጣነውን የሴቶች ስም ዝርዝር አንድ በአንድ ጠራች። መጨረሻ ላይ ዶክተር የጻፈው የስንብት ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ክሊኒካችንን ስለመረጡ እናመሰግናለን የሚል። አንድ ጊዜ አንብባው ወረቀቱን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠችና ይኼን እስከ መጨረሻው የምትሰማ እናት የለችም አለችኝ። ከዚያ ከራሷ፣ መጀመሪያ በጉራግኛ ቀጥላ በአማርኛ፣ «አይዞሽ፣ ነይ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አለች። እኔም ይህንኑ የሁሉም መልእክት መደምደሚያ አደረግሁት።

ቤቴ ወስጄ ቅጂውን ቆራረጥኩት። ሳሉን፣ ሳቁን፣ ውኃ ስትጠይቅ የተሰማውን፣ የባጃጁን ጡሩምባ እያወጣሁ ቁርጥራጮቹን ብቻ አስቀረሁ። ሲስተሙ ከእነዚህ ቁርጥራጮች እየገጣጠመ ለእያንዳንዷ እናት የራሷን መልእክት ይሠራል።

መጀመሪያ ላይ ሲስተሙ መልእክቱን የሚገጣጥመው ልክ በሚደውልበት ደቂቃ ነበር። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። አንዷ እናት «ነገ ጠዋት በ» ብሎ ተቋረጠባት፤ ሌላዋ ስሟን ብቻ ሰምታ ምን ሆንኩ ብላ በማግስቱ እየሮጠች መጣች። ሲስተር ይህን ስታይ አልተቆጣችም። መርፌ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ እያሳየችኝ፦

«እኛ ጓንቱንም መርፌውንም ጠዋት ደርድረን ነው ሰው የምናስገባው። አንተስ ለምን ቀድመህ ሠርተህ አታስቀምጠውም?» አለችኝ።

የሷን ምክር ተከትዬ ሥራውን ቀየርኩት። አንዲት እናት በተመዘገበች ቀን ሲስተሙ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ልጇ የዘጠኝ ወር ክትባቱን እስከሚወስድበት ድረስ፣ በሚጠበቀው የመውለጃ ቀን ቆጥሮ፣ ያሉትን መልእክቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይሠራና ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ዳታቤዙ ውስጥ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር አለው፤ ስልክ ቁጥር፣ የሚደወልበት ቀን፣ የድምፁ ፋይል፣ ሁኔታው። ሁኔታው «ይጠብቃል» ይላል። ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ልክ በአሥር ሰዓት መልእክቱ ይወጣል፤ ሁኔታውም «ደርሷል» ይሆናል። ከዚያ በኋላ የተቆረጠ መልእክት አልነበረም። በሥራዬ ኮራሁ። ያኔ ያሰብኩት ስለ መብራትና ስለ ኔትወርክ ብቻ ነው። ሰው ዛሬ የተናገረውን ከዓመት በኋላ እንዲሰማ አድርጎ ማስቀመጥ ሌላ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ወደ ሐሳቤም አልመጣም።

ሲስተር ለዒድ የአራት ቀን ፈቃድ ወስዳ ቡታጅራ ሄደች። በሁለተኛው ቀን ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። ሐኪም ቤት አድርሰዋት ነበር፤ አልተረፈችም። እኛ ስንሰማ በሃይማኖታቸው ሥርዓት መሠረት በሞተችበት ቀን ተቀብራ ነበር። ዶክተርና የተወሰኑ ሠራተኞች ለለቅሶ ሄዱ። እኔ የማውቃት በሥራ ብቻ ነው ብዬ ቀረሁ። ያ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከመካከላችን አስከሬኗን ያየ፣ አፈር ሲመለስባት የቆመ ማንም አልነበረም። ፈቃድ ወጥታ ያልተመለሰች ብቻ ነው የምትመስለው። ነጭ ጋውኗ ከምርመራ ክፍሉ በር ኋላ እንደተሰቀለ ነበር።

ካረፈች በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ከካርድ ክፍል ተደወለልኝ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ጎልማሳ ሴት ናት፣ በቀላሉ የምትደነግጥ ዓይነት አይደለችም፤ ያን ዕለት ግን ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም። ቶሎ እንድመጣ ብቻ ነገረችኝ። ስደርስ በአቅራቢያችን ካለው ከአታት መንደር የመጣች የሰባት ወር ነፍሰ ጡር አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ታየዋለች። የቡታጅራዋን ጠይቃ፣ ማረፏን ሲነግሯት አላምንም ብላለች። ትናንት በአሥር ሰዓት ስሜን ጠርታ አናግራኛለች፣ እዚሁ ነኝ ብላኛለች አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገሩን ለማስረዳት ሞከርኩ። ድምፁ ቀድሞ የተቀዳ መሆኑን፣ እሷ የተመዘገበች ቀን ተሠርቶ መቀመጡን፣ የሚደውለው ማሽን መሆኑን ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ይኼን ስትናገር እንደምትሞት ታውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አታውቅም ነበር» አልኳት።

«እንግዲያው እኔን ነው ያናገረችኝ» አለችና ስልኳን መቀነቷ ውስጥ ከትታ ወደ ምርመራ ክፍል ገባች።

ያን ቀን ዳታቤዙን ከፍቼ «ይጠብቃል» የሚሉትን መስመሮች ብቻ አወጣኋቸው። ከአራት መቶ ይበልጣሉ። ወደ ታች ስገፋቸው የሚቀጥለው ሳምንት፣ የሚቀጥለው ወር፣ የሚቀጥለው ዓመት እያሉ ይሄዳሉ። ለዶክተር አሳየሁት። ብናቆመው እናቶቹ ቀጠሮ ይስታሉ፤ ሌላ ሰው እስኪቀዳ ይቀጥል፤ የሚመጡትን የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ እየነገረች ታረጋጋቸው ብለን ተስማማን። ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ሌላ ምን ልናደርግ እንችል እንደነበር አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አሥር ሰዓት በክሊኒኩ ውስጥ የተለየ ሰዓት ሆነ። ፀሐዩ ገና በመስኮት ይገባል፣ ግቢው ውስጥ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ሰው ይወጣል ይገባል። ቢሆንም የግድግዳው ሰዓት ወደ አሥር ሲጠጋ ሠራተኛው ሁሉ ድምፁን ይቀንሳል። የካርድ ክፍሏ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ለአፍታ ትቀመጣለች። ክሊኒኩ ውስጥ የሚሰማ ነገር የለም፤ ጥሪው የሚወጣው ከሰርቨሩ ነው። እኛ ግን በዚያች ደቂቃ ሲስተር በየገጠሩ፣ በየጓሮው፣ በየእንሰቱ ሥር ሴቶችን በስማቸው እየጠራች እንደሆነ እናውቃለን። አንድ ቀን የካርድ ክፍሏ ዛሬ ስንት ሰው ጋ ደወለች ብላ ጠየቀችኝ። ስንት ሰው ጋ ተደወለ አላለችም። እኔም ሳላስተውል ዘጠኝ ሰው ጋ ደውላለች ብዬ መለስኩላት።

ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ስንት መልእክት እንደቀረ ለማየት ዳታቤዙን እንደገና ከፈትኩ። በየቀኑ ስለሚወጣ መቀነስ ነበረበት። አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ። አሁንም ያው ነው።

ምክንያቱ ሲገባኝ፣ ቀድሞ እንዳይገባኝ የፈለግሁት እኔው ራሴ እንደሆንኩ ተሰማኝ። ከሞቷ በኋላ የተመዘገቡ እናቶች አሉ። ሲስተሙ ለእነሱም ከሲስተር ቁርጥራጮች እየገጣጠመ የዓመት መልእክት ሠርቶ አስቀምጧል። እንዲያቆም የነገረው የለም። አንዱን ፋይል ከፈትኩ። ጉብሬ የምትኖር፣ ባለፈው ሳምንት የተመዘገበች ልጅ ናት፤ ሲስተርን ዐይታት አታውቅም። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ሲስተር ልጅቷን በስሟ ጠራቻት፤ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነይ አለቻት፤ አይዞሽ፣ ነይ፣ እኔ እዚሁ ነኝ አለቻት። ድምፁ የጠራ ነው። የደከመ፣ የራቀ፣ ያረጀ ነገር የለበትም። ፋይሉ የተሠራበት ቀን ከተቀበረች በኋላ ያለ ቀን ነው።

ማዳመጫውን አወለቅሁ። የተቀመጥኩት ኮሪደሩ ላይ ነበር፤ ፊት ለፊቴ የመጋዘኑ በር አለ። በሩ ገርበብ ብሎ የካርቶኖቹ ጥግ ይታያል። ተነስቼ ልዘጋው ፈለግሁ፤ መቅረብ አቃተኝ። ሌሎቹን መልእክቶች አንዴ በሕይወት ሳለች የላከቻቸው ደብዳቤዎች እንደሆኑ አድርጌ ራሴን አሳምኜ ነበር። ይኼኛው ግን ያልላከችው ነው። ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ነገር፣ ለማታውቃት ሰው፣ በማትደርስበት ቀን።

በዚያው ሰዓት ሲስተሙ አዲስ መልእክት እንዳይሠራ ዘጋሁት። ከሞቷ በኋላ የተሠሩትንም አጠፋሁ። የነዚያን እናቶች ቀጠሮ የካርድ ክፍሏ ራሷ እየደወለች እንድታስታውስ ተስማማን። በሕይወቷ ሳለች የተሠሩትን ግን እስኪያልቁ እንዲወጡ ተውኳቸው። ዶክተር ልዩነቱ አልታየውም። ቁርጥራጩ ያው፣ ድምፁ ያው፣ ሁለቱንም የገጣጠመው ማሽን ነው አለኝ።

«ያኔ እሷ ነበረች። ደስ ባይላት ተው ልትለኝ ትችል ነበር» አልኩት።

እንዳልክ አድርግ ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ።

ነገሩ ቡታጅራም ደርሶ ኖሯል። የሲስተር እናት በአንዲት ነርስ በኩል መልእክት ላኩብኝ፤ ልጄ ወልቂጤ ውስጥ በስልክ ታወራለች ይባላል፣ እውነት ነው ወይ የሚል። መልሱን በስልክ መስጠት አልሆነልኝም፤ ልሄድ ወሰንኩ።

ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ያፈርኩበት ሥራ ሠራሁ። ነርሷ የነገረችኝ የእናትየዋ ስም በአካባቢው የተለመደ ስለሆነ ሲስተር ካነበበቻቸው ስሞች ውስጥ አለ። ስሙን ከ«አይዞሽ፣ ነይ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» ጋር ገጠምኩት። ሁለት ቁርጥራጭ ብቻ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ። ለሌላው የከለከልኩትን ለእናት ቢሆን ምን አለበት ብዬ ነው። አንድ ጊዜ ሰማሁትና ስልኬ ላይ አስቀመጥኩት። ያልተቆራረጠውን ዋናውን ቅጂም ጨመርኩ፤ እሱን ከቆራረጥኩበት ጊዜ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም ነበር።

ሁለት መኪና ቀይሬ ቡታጅራ የገባሁት እኩለ ቀን ላይ ነው። እናትየዋ በረንዳቸው ላይ ፍራሽ ዘርግተው ተቀምጠዋል። አጭር፣ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ሻሻቸው ጥቁር ነው። አሰላሙ አለይኩም ብዬ ገባሁ፤ ወአለይኩም ሰላም ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። አማርኛ ሲናገሩ ቃሉን እየመረጡ፣ በዝግታ ነው። ልጃቸውን እንዴት እንዳወቅኳት፣ ምን እንደሠራን ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፎቶዋ አለኝ፣ ድምፅዋ ግን የለኝም አሉኝ። ስልኬን አወጣሁ። ጣቴ እኔ በገጣጠምኩት ፋይል ላይ ነበር።

«ቆይ» አሉኝ። «የምታሰማኝን መቼ ነው የተናገረችው?»

ጣቴን ከዚያ ፋይል ላይ አንስቼ ዋናውን ቅጂ ከፈትኩላቸው።

በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሰማነው። ሲስተር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትላለች። ታስላለች። ባጃጅ ጡሩምባ ይነፋል። እኔ ከኋላ እንደገና በይው እላታለሁ። ውኃ ትጠይቃለች፣ ስትጠጣ ይሰማል። እናትየዋ አላስቸኮሉኝም፣ ይለፍም አላሉኝም። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ስትል ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስሞቹ ላይ ስንደርስ ፀሐዩ ከበረንዳው ወርዶ ነበር። አንድ በአንድ እየጠራች ሄደችና የእናቷ ስም ላይ ስትደርስ ቆመች። ሳቀች።

«ይኼ እኮ የእናቴ ስም ነው» አለች ቅጂው ውስጥ።

የኔ ድምፅ ደግመሽ በይው ይላታል። ደገመችው። በዚህኛው ጊዜ ግን ድምፅዋ ተለወጠ፤ ረዘም አድርጋ፣ ለስለስ አድርጋ፣ ጓዳ ያለ ሰው ከደጅ ሆኖ እንደሚጠራ አድርጋ ጠራችው። ወዲያው እንደገና ሳቀችና ይኼ አይሆንም፣ ይኼ ቤት የምጠራት ነው አለች። በሦስተኛው በነርስ ድምፅ አለችው። እኔ የቆረጥኩት ሦስተኛውን ነው። ሁለተኛውን ከሳሉና ከጡሩምባው ጋር ጥዬው፣ መኖሩንም ረስቼው ነበር።

እናትየዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ።

«አያቷ ዘንድ ስላደገች እማዬ ብላኝ አታውቅም» አሉኝ በመጨረሻ። «በስሜ ነበር የምትጠራኝ። ልክ እንደዚህ አድርጋ።»

ልድገመው ወይ አልኳቸው። ይቀጥል አሉኝ። የቀሩትንም ስሞች፣ የማያውቋቸውን ሴቶች ስም ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ ቅጂውን ወደ ስልካቸው ገለበጥኩላቸው። እህል ሳልቀምስ እንዳልሄድ ከለከሉኝ፤ በልቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ። መናኸሪያው ጋ ስደርስ እኔ የገጣጠምኩትን ፋይል አጠፋሁት። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ፋይሉ ጠፍቶም ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም፤ አንዳንድ ቀን መንገድ ስሄድ ይመጣብኛል፤ ፈቃዱን ሳይጠየቅ እንዲናገር የተደረገ ሰው ድምፅ ይመስለኛል።

ወልቂጤ ስመለስ ሌላ ነርስ ቀዳን። በዚያው መጋዘን፣ በዚያው ብርድ ልብስ። ከመጀመራችን በፊት ግን ከክሊኒኩ ብትለቂ ወይም አንድ ነገር ብትሆኚ ድምፅሽን ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኳት። ደነገጠች፤ ታሪኩን ስነግራት አሰበችበት። ለተመዘገቡት የተሠራው ይሂድ፣ አዲስ እንዳይሠራ፣ ሲያልቅ ሁሉንም አጥፋው አለችኝ። ይህንኑ ወረቀት ላይ ጽፈን ሁለታችንም ፈረምንበት።

የሲስተር መልእክቶች በየቀኑ እየቀነሱ ሄዱ። መቶ ቀረ፣ ሠላሳ ቀረ፣ አምስት ቀረ። እናቶቹም ለመዱት። አንዳንዶቹ ሲደወልላቸው ነፍስ ይማር ብለው እንደሚሰሙት፣ አንዷ ደግሞ ፈርታ ስልኳን ለባሏ እንደምትሰጥ የካርድ ክፍሏ ነግራኛለች። ካረፈች አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ መስመር ብቻ ቀረ፤ የአንድ ሕፃን የዘጠኝ ወር ክትባት።

በዚያ ቀን ከክሊኒኩ አልወጣሁም። የካርድ ክፍሏም ወንበሯን አምጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። በአሥር ሰዓት ጥሪው ወጣ፤ የእናቲቱ ስልክ ዝግ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደገመ፤ ዝግ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረና አቆመ። ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይሞክር አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የካርድ ክፍሏ በምዝገባው ላይ ወደተጻፈው የዘመድ ቁጥር ደወለች። እናቲቱ ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ከገባች ሦስት ወር ሆኗታል፣ ቁጥሯንም ቀይራለች፣ ልጁ እዚያው እየተከተበ ነው አሉን። ደህና ነው፣ ጤና ነው። የካርድ ክፍሏ ወንበሯን ይዛ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ እኔ ከገጹ ሳልወጣ ትንሽ ቆየሁ። መስመሩ ሁኔታው ላይ «አልደረሰም» ይላል። ሲስተር ለአንዲት ሴት የተናገረችው፣ ማንም ሳይሰማው የቀረ አንድ ፋይል ሰርቨሩ ላይ አለ። አላጠፋሁትም፤ ከፍቼም አልሰማሁትም።